ሃያኛው የዝምታ ቀን

ነርሷ እሑድ ጠዋት የጸሎት ደብተሩን የከፈተችው የአንዲት በሽተኛ ሕፃን ስም ልትጽፍበት ነበር። አንድ ፊደል እንኳ ሳትጽፍ እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ።

ደብተሩ መመገቢያው ክፍል ውስጥ፣ ከውኃ ማጣሪያው በላይ በሲባጎ ታስሮ የተንጠለጠለ ወፍራም ደብተር ነው። ወንጌል ሊያገለግሉ ከአገራቸው አብረው የመጡት ሰባት ሰዎች እያንዳንዳቸው የልባቸውን ጭንቀት የራሳቸውን ስም ሳይጠቅሱ ይጽፉበታል፤ የቀሩት አንብበው ይጸልዩለታል። ጸሎቱ ሲመለስ በቀይ ይሰመርበትና ጎኑ ላይ ቀኑ ይሰፍራል። ስም አይጻፍ እንጂ፣ ሰባት ሰው ስምንት ወር ሙሉ ካንድ ድስት እየበላ የማን እጅ ጽሑፍ የማን እንደሆነ ሳይለይ አይቀርም። ሚስጥርነቱ ለወጉ ያህል ነበር።

ዓይኗ የወደቀው በራሷ ጽሑፍ ላይ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ፍቅር ከልቤ አውጣልኝ» ይላል። በላዩ ላይ ወፍራም ቀይ መስመር ተሰምሯል። ጎኑ ላይ ደግሞ፣ «ማክሰኞ። ተመልሷል፤ ክብር ለስሙ ይሁን!»

መስመሩን እሷ አላሰመረችውም። ጸሎቱም አልተመለሰም።

ማክሰኞ። በማግስቱ ረቡዕ መካኒኩ በጠዋቱ ጸሎት መሀል ተነስቶ፣ «ወደ ደሴቶቹ የሚሄድ ሰው ከጠፋ እኔ እሄዳለሁ» ብሎ ነበር። ለሁለት ዓመት። በጀልባ የሁለት ቀን መንገድ፣ ስልክ ወደማይሠራበት፣ ደብዳቤ በየሁለት ወሩ ወደሚደርስበት። እሷም ያን ዕለት ሻይዋን እንደያዘች ደርቃ ቀርታ፣ «ጌታ ሌላ ነገር ነግሮት ይሆናል፤ ወይ እኔን ጠልቶ» ብላ ለራሷ ደምድማ፣ አራት ቀን ሙሉ እንባዋን በፋሻ ስትጠርግ ሰንብታለች። አሁን ገባት። አንብቦታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መካኒኩን ቡድኑ በሙሉ «መላ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ለተበላሸ ፓምፕ፣ ለቆመ ጄኔሬተር፣ ለሚያፈስ ጣሪያ መላ አጥቶ አያውቅም። ለገዛ ልቡ ግን መላ አጥቶ ሰባት ወር ከቆየ በኋላ፣ አንድ ሰኞ ከክሊኒኩ ጀርባ ፓምፑ ዘንድ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ስምንተኛ ክፍል ነኝ፤ ግን አንቺን ማግባት እፈልጋለሁ» አላት። ሌላ ሴት ብትሆን ትስቃለች ወይ ታለቅሳለች። እሷ ግን የመጋቢ ልጅ ናትና እንዳደገችበት «ልጸልይበት» አለች።

በነሱ ቡድን ደንብ ደግሞ «ልጸልይበት» የተባለ ነገር ሃያ አንድ ቀን ይጸለይበታል። ሃያ አንዱን ቀን ሁለቱ አይነጋገሩም፣ አይጻጻፉም፣ አብረው አይቀመጡም፤ ሥጋ እንዳይመክራቸው ነው። መልሱን በመጨረሻው ቀን የቡድኑ መሪ ተቀብለው ያደርሳሉ። ከመሀል አፉን የከፈተ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። ዛሬ ሃያኛው ቀን ነው።

በስድስተኛው ቀን፣ ወሬው አገር ቤት ደርሶ፣ የአባቷ ደብዳቤ መጣ። አባቷ ቡድኑን የላከችው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ናቸው። «የላክሁሽ ልታገለግዪ እንጂ ባል ልትፈልጊ አይደለም። ያውም ጋራዥ ያሳደገው፣ አባቱ የማይታወቅ። ይህን ካደረግሽ የኔን ፊት አታዪም» ይላል። ያን ዕለት ነው ያንን ጸሎት የጻፈችው፤ ከልቧ ነው የጻፈችው፤ እያንዳንዱን ፊደል እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪበሳው ተጭና ነው የጻፈችው።

ግን በአሥራ አንደኛው ቀን ከደሴት የመጣች ሕፃን፣ ሰውነቷ ውኃ አልቆበት ሦስት ቀን ዓይኗን ያልገለጠች ሕፃን፣ ድንገት ነቅታ በታላቅ ድምፅ አለቀሰች። ነርሷ ከደስታዋ ብዛት ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ውጭ ሮጠች። ፓምፑ ዘንድ ስትደርስ ነው እግሯ ወዴት እንደወሰዳት ያወቀችው። መናገር አይፈቀድም። ልጅቷን ከፍ አድርጋ አሳየችው። እሱም ኮፍያውን አውልቆ፣ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ቆመ። የምሥራች ሲኖራት እግሯ ወደዚህ ሰው የሚሮጥ ከሆነ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ወሬ ነው። ያን ቀን ወሰነች። መልሷ እሺ ነው። ከዚያ ጀምራ ፋሻ ስትጠቀልልም፣ ዕቃ ስታጥብም መዝፈን ስለማይፈቀድ መዝሙር ታንጎራጉር ነበር።

ደብተሩን ነጥቃ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ወጥ ቤቱ የ«እናታችን» ነው። እናታችን ለቡድኑ ምግብ የሚያበስሉ፣ ቁልፍ የሚይዙ፣ ሲያስፈልግም የሚቆጡ መበለት ናቸው። ሽንኩርት እየላጡ ነበር።

«እናታችን፣ ይህን ያሰመሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኛ! እልል ብዬ ነው ያሰመርኩት» አሉ፣ ቢላዋውን አስቀምጠው። «ያንን ሰሞን ፊትሽ ጠቁሮ፣ ምግብ ሳትቀምሺ ሳይሽ አላስችል አለኝ። ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ ጸለይኩልሽ። ከዚያ መዝሙር ጀመርሽ፣ ጉንጭሽ ቀላ፤ ተመስገን፣ ጌታ ያንን ነገር ከልቧ ነቅሎ ጣለላት ብዬ...»

«አልነቀለውም! እናታችን፣ አልነቀለውም እኮ! ደስ ያለኝ እሺ ልለው ስለወሰንኩ ነው!»

እናታችን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ፣ ዓይናቸው ወዲያው ሞላ።

«እሱ አይቶታል?» አለች ነርሷ፣ መልሱን እያወቀችው።

«ማክሰኞ ማታ የራሱን ሊጽፍ መጣ። ደብተሩን እንደያዘ ቆመ፣ ቆመ። ‹ምነው ልጄ?› ስለው፣ ‹ዓይኔ ውስጥ ቆሻሻ ገብቶ ነው እናታችን› አለኝ። የራሱን ሳይጽፍ ወጣ። ወይኔ! ወይኔ እጄን በቆረጠው! አሰመርኩ ብዬ ልጄን ሰረዝኩት!»

ነርሷ ልትቆጣቸው ነበር የገባችው። ግን እንዴት አድርጋ ትቆጣ? እኒህ ሴት ስለሷ እንቅልፍ ያጡ ናቸው። ተንበርክካ ጉልበታቸው ላይ ራሷን ጣለችና ሁለቱም አለቀሱ፤ በዚህ ዓለም ከጠላት ክፋት ይልቅ የወዳጅ ጸሎት እንዲህ አንገት ያስደፋል ብሎ ማን ያስባል።

መላን የሚወስደው ጀልባ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል።

የቡድኑን መሪ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚሏቸው። ቢሯቸው በር ላይ ተቀምጠው ለከሰዓቱ የሽኝት ጸሎት ጫማቸውን እየወለወሉ አገኘቻቸው። አንዱ ጫማ ያበራል፣ ሌላው ገና አቧራ እንደለበሰ ነው።

«ጋሼ፣ መልሴን ዛሬ ይቀበሉኝ።»

«ቀኑ ነገ ነው፣ ልጄ።»

«ነገ እኮ እሱ ውኃ ላይ ነው!»

«ደብዳቤ እጽፍለታለሁ። ይደርሰዋል።»

«በሁለት ወር! ጋሼ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው። እሱ እንደማልፈልገው አስቦ ነው የሚሄደው። ደብተሩ ላይ የተሰመረው ስሕተት ነው፤ እናታችንን ይጠይቁ።»

ጋሼ ብሩሹን ጫማው ላይ አሳረፉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር።

«ዝም አይነቅዝም ይባላል። አንድ ቀን ታገሺ።»

«ይነቅዛል፣ ጋሼ። የኔ ዝምታ ነቅዟል።»

«ስሚኝ። የአባትሽን ደብዳቤ አሽጌ የሰጠሁሽ አንብቤው ነው፤ አልዋሽሽም። አንቺን አደራ ብለውኛል። እሱ በፈቃዱ ልሂድ ሲል፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጌታ መንገድ ከፈተ አልኩ። ለሁላችንም ይሻላል።»

«እኔ ሠላሳ ዓመቴ ነው። በአደራ የምሰጥ ዕቃ አይደለሁም!» ድምፅዋን ስትሰማው እንግዳ ሆነባት። በሕይወቷ ታላቅ ሰው ላይ ጮኻ አታውቅም።

ጋሼ አልጮኹባትም። አቧራማውን ጫማ አንስተው፣ «ካናገርሽው ሐሙስ በሚነሳው አውሮፕላን መሳፈርሽ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ፈርሜበታለሁ እንጂ። አንቺም ፈርመሻል። ክሊኒኩን ማን እንደሚይዘው አላውቅም። ነርስ ያለችን አንቺ ብቻ ነሽ። እዚያ ውስጥ የተኙትን አስቢያቸው።»

አሰበቻቸው። ያለፈው ወር በእጇ ላይ ያረፈውን ሕፃንም አሰበች፤ ከዚያው ከደሴቱ፣ የረጋ ውኃ ጠጥቶ፣ ሁለት ቀን በጀልባ ተጉዞ የደረሰ። እናቱ ምን እንዳለቻት ቋንቋው ባይገባትም ገብቷታል። መላ ወደዚያ የሚሄደው ጉድጓድ ቆፍሮ ፓምፕ ሊተክል ነው። እንግዲህ በየትኛው አፏ ነው አትሂድ የምትለው? «ቅር» ልትለው አትችልም። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዲያውቅ። እንደተወደደ አውቆ እንዲሄድ።

ወደ ግቢው ስትወጣ እሱ ቧንቧዎቹን ጋሪ ላይ እየጫነ ነበር። ቀና አለ። በሃያ ቀን ውስጥ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። አንዴ ብቻ አያት፤ ፊቱ ላይ ቂም የለም፣ ወቀሳ የለም። ቢወቅሳት በስንት ጣዕሙ። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላትና፣ ቀድሞ የጠበቀውን ገመድ እንደገና ማጥበቅ ጀመረ። እሷም አፏን ከፈተች። የክሊኒኩ መስኮት ላይ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ነርሷን እየጠበቀች ነበር። አፏን ዘጋችው፤ ተመልሳም ገባች፤ መርፌ ስትወጋ እንባዋ ጓንቷ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

የሽኝቱ ጸሎት ስምንት ሰዓት ላይ ተጀመረ። አዳራሹ በአገሩ ሰዎች ጢም ብሏል፤ የፕላስቲክ ወንበር ያልደረሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መላ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ፊት ለፊት ተንበረከከ። የሸሚዙ ደረት ብቻ እንጂ ኮሌታው አልተተኮሰም፤ የሚያይለት ሰው አልነበረውም። ስድስቱ የቡድኑ አባላት ከበው እጃቸውን ጫኑበት። ነርሷ የደረሳት የግራ ትከሻው ነው። በስምንት ወር ውስጥ ስትነካው የመጀመሪያዋ ነበር።

ጋሼ እጃቸውን ሲያነሱ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ መጸለይ ጀመረ፤ ደንባቸው ነው፤ እያንዳንዱ የየራሱን፣ በየራሱ ቃል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነውና ጩኸቱ እየተመለሰ ይወርዳል። አጠገብህ ያለው ሰው ምን እንደሚል አይሰማም።

አይሰማም! ነርሷ ዓይኗን ገለጠች። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኗል። ሐሙስ፣ አውሮፕላኑ፣ ክሊኒኩ፣ የአባቷ ፊት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። ጎንበስ አለችና አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች።

«መላ፣ ስማኝ። ቀና አትበል። ደብተሩ ላይ ያለው መስመር የኔ አይደለም።»

ትከሻው በእጇ ሥር ደረቀ።

«ጸሎትሽ ተመልሶልሻል» አለ ወደ ወለሉ። «ደስ ብሎኛል። እውነቴን ነው።»

«አልተመለሰም! ያሰመሩት እናታችን ናቸው። ስስቅ አይተው መስሏቸው።»

«ጽሑፉስ?»

«ጽሑፉ የኔ ነው። አባቴ ጽፎልኝ፣ ፈርቼ፣ እውነቴን ለምኜ ነበር። ይቅር በለኝ።»

«ታዲያ ለምን ትስቂ ነበር?»

«እሺ ልልህ ስለወሰንኩ ነዋ!»

የሕዝቡ ድምፅ እየጨመረ ሄደ። ከኋላ ያለ አንድ ሰው እያለቀሰ ይጮኻል። መላ ራሱን ነቀነቀ፤ «አልሰማሁሽም» ማለቱ ይሁን «አላምንሽም» ማለቱ አልገባትም። ከጎኗ ጋሼ ጠረጴዛውን ሁለቴ መቱ፤ ጸሎቱ የሚያበቃው እንዲያ ነው። እሷ ግን የሰማችው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ የገዛ ልቧን። ዓይኗን ጨፍና፣ ባላት አቅም ሁሉ ጮኸች።

«እሺ ነው! መልሴ እሺ ነው! እወድሃለሁ፣ የትም ብትሄድ እወድሃለሁ!»

አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበር። ቃሏ በዚያ ጸጥታ ላይ ብቻውን ወጥቶ ጣሪያውን ነክቶ ተመለሰ። ካፍ የወጣ አፋፍ። አምስት የአገሯ ልጆች እንደ ሐውልት ደርቀው አዩአት።

የአገሩ ሰዎች ግን ከቋንቋዋ አንዲት ቃል አያውቁም። ነርሳቸው እንባ በእንባ ሆና ስትጮኽ አዩ፤ የጸሎቱ መዝጊያ ነው ብለው አሰቡ። ሁለት መቶ ሰው በአንድ አፍ፣ «አሜን!» አለ።

እናታችን ዘግየት ብለው፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ «አሜን፣ ልጆቼ» አሉ።

መላ ከተንበረከከበት አልተነሳም። ሁለቱን እጆቹን ፊቱ ላይ አድርጎ፣ ትከሻው እየተናጠ፣ እንደ ትንሽ ልጅ አለቀሰ። ያ ለሁሉ መላ የማያጣ ሰው ለለቅሶው መላ አጣ።

ሕዝቡ ሲበተን ጋሼ ወደሷ መጡ። ዓይኗን አላዩም። «ሐሙስ» አሉ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ሻንጣሽን...» ብለው ጀመሩና ተዉት። «እስከ ሐሙስ ግን የቡድኑ አባል ነሽ። የቡድኑ አባል ደግሞ ሰው ይሸኛል። ጀልባው ሊነሳ ነው፤ ምን ያስቆምሻል?»

ሮጠች።

ቧንቧዎቹ ተጭነዋል። ከተሳፋሪዎቹ መሀል ከደሴት የመጣችው የዚያች ሕፃን እናት የዳነች ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ የያዘ ጠርሙስ እንደ ዕንቁ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ተቀምጣለች። ለሁለት ቀን መንገድ ብቻ የሚበቃ ነው። መላ መሰላሉ ላይ አንድ እግሩን አድርጎ መንገዱን ያያል። ሲያያት ወረደ።

«በኔ ምክንያት ከሥራሽ ተባረርሽ።»

«በኔ ምክንያት አንተ አገር ለቀህ ልትሄድ ነው።»

«ብጠይቅሽ ኖሮ! አንድ ቃል ብጠይቅሽ ምን ነበረበት!»

«ተከልክለህ ነዋ» አለች። መሳቅ ፈለገች፣ አልመጣላትም። ሦስት እርምጃ ያህል ተራርቀው ቆመዋል፤ ማንም ባይከለክላቸውም መቅረቡ አስፈራቸው። ሞተሩ ተነሳ።

«አባትሽስ?»

«ሐሙስ ፊቱን አየዋለሁ፤ ወይ አያሳየኝም። የኔን ነገር ለኔ ተወው።»

መላ ወደ ጀልባው አየ፣ ወደሷ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው ዕድሜ ልኩን አንዴ በሚለምንበት ድምፅ፣ «ልቅር?» አላት። «ቅር በይኝ። አንድ ጊዜ በይኝና አብረን እንመለሳለን። ጋራዥ እገባለሁ፤ አላስርብሽም።»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሃያ ቀን የፈለገችው፣ አራት ቀን ያለቀሰችለት ነገር እጇ ላይ መጥቶ ቁጭ አለ። በመላ ትከሻ በላይ ያቺ እናት ጠርሙሱን ወደ ልጅቷ አፍ ስታስጠጋ፣ አንዲት ጉንጭ ብቻ አጠጥታ መልሳ ስትከድነው አየች።

«ሂድ» አለች።

አላመናትም። ደግማ፣ «ሂድ፣ መላ። ቶሎ ቆፍር» አለችው።

ሁለት እርምጃ ቀርቦ መዳፏን አንስቶ ግንባሩ ላይ አደረገው፤ ከዚያ ዞሮ ሳያይ መሰላሉን ወጣ። ጀልባው ሲርቅ በስተኋላው ቆሞ ነበር፤ እጁን አላነሳም፣ ዓይኑን ግን ከሷ አልነቀለም፤ እሷም መልኩ እስኪጠፋት ድረስ ቆመች።

ከጠዋት ጀምራ አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመነችው፤ እንደተወደደ አውቆ ይሂድ ብላ። አውቆ ሄደ። እፎይ የምትል መስሏት ነበር። ሳያውቅ ከሚሄድ ሰው ይልቅ አውቆ የሚሄደው እንዲህ አንጀት እንደሚቆርጥ ግን፣ ያን ሁሉ ስትጸልይ፣ ማንም አልነገራትም።